ሞዛ ትሙት

«ይሄ እጅጌ የት ድረስ ነው?» አሉ ቢቢ ሰኪነ፣ ቀሚሱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው።

«ከክርኔ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ቢቢ» አለች ሶልማዝ።

«ክርንሽንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ከተወለድሽ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ። የማያውቁት ሰዎች እንዳይተዋወቁት ብዬ ነው።»

ቀሚሱ ከሻንጣው ወጥቶ ማሞቂያው አጠገብ በተቆለለው ልብስ ላይ ተወረወረ። ቢቢ ሰኪነ የሶልማዝ አባት ታላቅ እህት ናቸው። በሴቶች ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆነው የተማሪ ቦርሳ ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው ናቸው እንጂ እጃቸው ገና ሥራ ላይ ነው። ከዘመድ መሀል ሻንጣው በእሳቸው ሳይፈተሽ ከአርደቢል የሚወጣ ሰው የለም።

የዘንድሮው ሻንጣ ደግሞ ለፈታሽም ለተፈታሽም መከራ ነበር። ነገ ጠዋት፣ ለአዲስ ዓመቱ ለኑሩዝ፣ ቤተሰቡ በአባቷ አሮጌ ፔጆ መኪና ከሰሜን ተነስቶ ደቡብ ባሕር ዳር ድረስ ይወርዳል። እዚህ መስኮቱ ላይ በረዶ ተጋግሯል፤ እዚያ ለንጌ ወደብ ሰው እኩለ ቀን ላይ ጥላ ጥላውን ይሄዳል። መሀል ላይ የኢስፋሃን ነፋስ አለ፣ የሺራዝ የፀደይ ዝናብ አለ፣ ቁም ከተማ ደግሞ ያለ ቻዶር፣ ከራስ እስከ እግር ሳይሸፈኑ፣ የማይገባበት መቅደስ አለ። ስለዚህ የሳሎኑ ወለል ላይ የአገሩ አየር በሙሉ ተዘርግቷል። ወፍራም ካፖርት፣ ስስ ሻርፕ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ጥቁር ቻዶር፣ በረዶ ላይ ጎማ እንዳይንሸራተት የሚታሰር ሰንሰለት ሳይቀር። የሚለያየው ውፍረቱ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ ላይ ድርድር የለም። ቢቢ እንደሚሉት ሙቀት ጨርቅ ያሳሳል እንጂ አያሳጥርም።

ትንሿ እህቷ ቱርካን የመዋኛ ጎማዋን ወገቧ ላይ አጥልቃ በልብሱ ክምር መሀል ትዞራለች። ከትናንት ጀምሮ አላወለቀችውም። ምሳዋንም የበላችው እንደዚያው ሆና ነው።

እናቷ መሊሄ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የሱፍ ካልሲዎች በወረቀት ትጠቀልላለች። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ። ሁሉንም በእጇ ነው የሠራቻቸው።

«ለባሕር ዳር ሰው የሱፍ ካልሲ!» አሉ ቢቢ። «ለዓሣውስ ጃንጥላ አልያዝሽለትም?»

እናቷ ሳቀች። «ዙሌይኻን ስለማያውቋት ነው። ኢስፋሃን አዋላጅነት ስንማር የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። የደቡብ ልጅ ናትና ብርድ አትችልም፤ ክረምት ሲገባ እግሯ በረዶ ይሆናል። አልጋዬ ውስጥ ትገባና ሁለቱንም እግሯን ሆዴ ላይ ትለጥፈዋለች። እኔ እጮሃለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ያን ጊዜ ካልሲ እሠራልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ሶልማዝ ሳትወለድ።»

«እንግዲያው እግሯ እስካሁን ሞቋታል» አሉ ቢቢ። እናቷ አሁንም ሳቀች።

እናቷ በሳቀች ቁጥር ሶልማዝ ዓይኗን ታሸሻለች። ባለፈው ዓመት የእናቷ እናት ካረፉ ወዲህ እናቷ ከክሊኒክ ትመጣለች፣ ታበስላለች፣ ትተኛለች፤ ሌላ የለም። ሳቋ የተመለሰው ይሄ ጉዞ ከታሰበ በኋላ ነው። ጉዞውን ያመጣው ደግሞ የሶልማዝ ውሸት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ክረምቱ መሀል ላይ እትዬ ዙሌይኻ ከለንጌ ደወለች። እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች ስልኩን ያነሳችው ሶልማዝ ናት። ደህና ናችሁ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ትምህርት እንዴት ነው ከተባባሉ በኋላ እትዬ ዙሌይኻ ልትሰናበት ስትል «እስቲ ለኑሩዝ እኛ ጋ ኑ። ቤታችን ቤታችሁ ነው፣ ዓይናችን ላይ ትረግጣላችሁ» አለች። ይሄን የማይል ሰው የለም። ባለ ታክሲው ሂሳብ ሲጠየቅ «ይቅር፣ በእኔ ይሁን» ይላል፤ ጎረቤት በር ላይ ሲገናኙ «ግቡ እንጂ» ይላል። ባለ ታክሲውም ይከፈለዋል፣ ጎረቤቱ ቤትም ማንም አይገባም። ታዓሮፍ ነው፣ የአፍ ወግ። ቢቢ ሰኪነ ሥርዓቱን ለቤተሰቡ ልጆች እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነው ያስጠኗቸው፤ የመጀመሪያው «ኑ» ለወግ ነው፣ ሁለተኛው ለይሉኝታ ነው፣ ሦስተኛው ከመሐላ ጋር ከመጣ ያ ብቻ ከልብ ነው።

እትዬ ዙሌይኻ ያለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሶልማዝ ማታ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ «ምን ታድርግ፣ ወጉ ነው» ብላ ወደምትልጠው ድንች ተመለሰች። ውጭ በረዶ ይጥላል። የክፍሏ ልጆች በሙሉ ሞቃት አገር ሊሄዱ ነው፤ እሷን የሚጠብቃት ከአጎት ቤት አክስት ቤት እየዞሩ ፒስታቺዮ መፈልፈል ነው። በዚያ ላይ እናቷ ትከሻዋ ወድቆ፣ አንገቷን ደፍታ ስታያት አሳዘነቻት። አንዲት ቃል ብትጨምር ምን ይመጣል?

«አይ እማ፣ ከልቧ ነው» አለች። «ሦስት ጊዜ ነው ኑ ያለችው።»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሦስት ጊዜ?»

«‹ሞዛ ትሙት፣ ካልመጣችሁ እቀየማለሁ› አለች።»

ሞዛ የእትዬ ዙሌይኻ ልጅ ናት፣ የሶልማዝ እኩያ። በስም ብቻ ነው የምታውቃት። የእናቷ ፊት ግን ቦግ ብሎ በራ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሶልማዝ ቃሏን ሮጣም አልደረሰችበትም። እናቷ በማግስቱ ለጓደኛዋ ደወለችና «በሞዛ ከማልሽማ እንዴት እንቀራለን!» አለቻት። ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ስለነበር ሶልማዝ ሰምታለች። እትዬ ዙሌይኻ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ዓይኔ ላይ ኑ!» አለች። ሶልማዝ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን ዝምታው ነው።

አባቷ ባይራም ትከሻው ላይ በረዶ ተሸክሞ ከውጭ ገባ።

«የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ሞልቷል» አለ። «ማሩ ገብቷል፣ ጥቁሩ ሃልዋ ገብቷል፣ የእናንተ ካልሲ ለብቻው ወንበር ሊጠይቅ ነው። አሁን የቀረችው አንዲት ቦታ ናት። ወይ ድንኳኑ፣ ወይ የሶልማዝ ቦርሳ።»

«ድንኳን ለምኑ?» አለች እናቷ። «በየዓመቱ በየከተማው መናፈሻ ሣር ላይ አስተኝተኸን፣ ጀርባዬ ጠጠር ለምዷል። ዘንድሮ ጣሪያ አለን። ኢስፋሃን ወንድሜ ጋ እናድራለን፣ ለንጌ ዙሌይኻ ጋ። በልጇ የማለች ሴት ደጃፍ ላይ ድንኳን ተክዬ ልሰድባት ነው?»

«እኔ ምን አልኩ?» አለ አባቷ። ድንኳኑን ኮሪደሩ ጥግ ወስዶ እንደ ታመመ ዘመድ ቀስ አድርጎ አጋደመው።

በዚህ መሀል የቤቱ ስልክ ጮኸ። ቅርብ የነበረችው ሶልማዝ ናት።

«ሃሎ?»

«ሶልማዝ ነሽ?» የልጅ ድምፅ ነው። «ሞዛ ነኝ። ሟቿ።»

ሶልማዝ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ማን ነው?» አለች እናቷ።

«ሞዛ ናት።»

«ሞዛዬ! ሳሚልኝ! ምን እናምጣላችሁ በያት!»

«ሰው አጠገብሽ አለ፣ አይደል?» አለች ሞዛ።

«አዎ።»

«በቃ አንቺ አዎና አይ ብቻ በይ። እናቴ በእኔ ምላለች ማለት ምንድን ነው? ያን ቀን ስትደውል አጠገቧ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። አንድ ጊዜ ኑ አለች፣ ደህና ሁኚ አለች፣ ዘጋች። እናቴን ስጠይቃት ‹ዝም በይ፣ ሰው አታሳፍሪ› አለችኝ። በእኔ የማለው ማነው ታዲያ?»

ሶልማዝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ኧረ ሼም ነው! በዓይንሽ ሳታዪኝ ትገድይኛለሽ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርሴን እያመመኝ ነው፣ ልንገርሽ።»

«ምን አለች?» አለች እናቷ።

«ጥርሷን አሟታል።»

«ውይ ልጄን! ቅርንፉድ ትያዝበት በያት!»

«ቅርንፉድ ያዢበት» አለች ሶልማዝ።

ሞዛ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሶልማዝም ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ከዚያ ግን የሞዛ ድምፅ ዝቅ አለ።

«ስሚኝ። አያቴ ታማ ተኝታለች፤ ግማሽ ጎኗ አይንቀሳቀስም። የተኛችበት ክፍል ነው የእንግዳ ክፍላችን፣ ሌላ የለንም። ትናንት ፍራሿን ኮሪደር አወጣነው፣ ለእናንተ ቤት እንድናሰናዳ። ሌሊቱን ሙሉ ‹ግድግዳዬን ወዴት ወሰዳችሁት› እያለች ስታለቅስ አደረች።»

ሶልማዝ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

«እናቴ አንዲት ቃል አልወጣትም» አለች ሞዛ። «እናትሽን እኮ ትወዳታለች። ፎቶዋን ሁሌ ነው የምታሳየኝ። ግን አሁን… እንዳትቀሩ ታዲያ! አትምጡ አላልኩም፣ ሰማሽ? ብትቀሩ በሃፍረት ትሞታለች።»

«ታዲያ ለምን…» እናቷ ቀና ብላ እያየቻት ነው። ሶልማዝ ድምፅዋን አለዘበች። «ለምን ደወልሽ?»

«እንጃ። ለማን ልንገር?» አለች ሞዛ። «ስስ ልብስ ያዢ፣ ቀን ቀን ይሞቃል።» ስልኩ ተዘጋ።

«ምን አምጡ አለች?» አለች እናቷ።

«ስስ ልብስ ያዙ አለች።»

ሶልማዝ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ቀረች። አንድ ቃል ጨምራ የማታውቃቸውን አሮጊት ከክፍላቸው አስወጣች። ምን ማድረግ ይቻላል? እትዬ ዙሌይኻን መጠየቅ አይቻልም፤ «ያስቸግርሻል ወይ?» የተባለ ሰው «ዓይኔ ላይ» ከማለት ሌላ ምን ይመልሳል? ደግማ ብትጠየቅ ይባስ ብላ ትምላለች። ነገሩን ማቆም የሚችለው ያስጀመረው ሰው ብቻ ነው። ይሄን ስታስብ ጭንቅ ጥብብ አላት።

«ነይ ወዲህ» አሉ ቢቢ ሰኪነ።

ሄደች።

«ቦርሳ ስፈትሽ መጀመሪያ የማየው ቦርሳውን አይደለም፤ የባለቤቱን ፊት ነው። ምን ደብቀሻል?»

«ምንም።»

ቢቢ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቦርሳዋ የጎን ኪስ ሰደው ተጠቅልሎ የተወሸቀ ነገር ሳቡ። ማታ ማታ ለመተኛ ብላ የደበቀችው እጅጌ አልባ ቲሸርት ነው።

«ይኸው!» አሉ ቢቢ፣ ለሁሉም ከፍ አድርገው እያሳዩ። «ፊትሽ ነግሮኝ ነበር እኮ! እኔን?»

ሶልማዝ አንገቷን ደፋች። በቲሸርቱ መያዟ አሳርፏታል፤ እረፍቱ ደግሞ አሳፈራት። ቢቢ ቲሸርቱን ይዘው በደስታ ወደ ኩሽና ሄዱ።

ሊመሽ ሲል እናቷ መኝታ ቤት መስታወት ፊት ቆማ የፀሐይ ባርኔጣ በሻርፗ ላይ ትለካ ነበር። ሶልማዝ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ ባንሄድስ?»

እናቷ ዞረች። «ምን ሆንሽ? አሞሻል?» ግንባሯን በመዳፏ ነካቻት። «ሙቀት የለሽም።»

«አይ፣ መንገዱ ረጅም ነው ብዬ ነው። በረዶውም…»

«አባትሽ ሰንሰለቱን ይዟል።» እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ባርኔጣውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠርዙን ታሻሸው ጀመር። «አንድ ነገር ልንገርሽ? እናቴ ከሞተች ወዲህ ‹ነይ፣ ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ› ያለኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ‹ጎራ በይ› ነው የሚለው። አንቺ ያን ማታ ‹ሦስት ጊዜ ነው ያለችው› ስትይኝ… አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለካ አልተረሳሁም አልኩ።»

ሶልማዝ ልትናገር የመጣችውን መልሳ ዋጠችው። አሁን እንዴት ብላ ትናገር? «እማ፣ ተረስተሻል» ማለት አይሆንም? በሌላ በኩል ደግሞ አያቷ ትዝ አሏት። አያቷ ታመው በተኙ ጊዜ እናቷ የውሃ ብርጭቋቸውን እንኳ ከቦታው አታስነቃንቅም ነበር። አንድ የሩቅ ዘመድ ለመቀመጥ ብሎ አልጋውን ትንሽ ቢገፋው «ለታማሚ ሰው የለመደው ግድግዳ ግማሽ መድኃኒት ነው!» ብላ ከቤት ልታስወጣው ምንም አልቀራት። ይቺው እናቷ ናት ነገ ተነስታ በሌላ ሰው ታማሚ ክፍል ውስጥ ልትተኛ የምትሄደው፣ ያውም ካልሲ ይዛ።

አልተናገረችም። ሌላ ነገር አደረገች።

አባቷ መስጊድ ሄዶ፣ ቢቢና እናቷ እራት ሲያቀርቡ፣ ሶልማዝ ኮሪደሩ ጥግ የተጋደመውን ድንኳን አቅፋ ወጣች። ብርዱ ጥርሷን አስጮኸው። የመኪናውን የኋላ በር ከፍታ አባቷ ማምሻውን የጫነውን ቦርሳዋን አወጣች፣ በቦታው ድንኳኑን አስገባች፣ ላዩን በብርድ ልብስ ሸፈነችው። ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰችና አልጋዋ ሥር ወተፈችው። ለንጌ የምትለብሰው አዲሱ ስስ ቀሚስ፣ ቢቢ ራሳቸው «ይሄስ ይሁን» ብለው ያሳለፉት፣ እዚያው ውስጥ ቀረ። ቅጣቴ ነው ብላ አሰበች። ድንኳን ካለ አባቷ ራሱ «እስቲ ባሕር ዳር እንደር» ሊል ይችላል። እትዬ ዙሌይኻም ትገላገላለች፣ አሮጊቷም ወደ ግድግዳቸው ይመለሳሉ፣ እሷም አፏን ሳትከፍት ያልፋል። ይሄን እያሰበች ተኛች፤ እንቅልፍ ግን ቶሎ አልመጣላትም።

ጠዋት አባቷ የመጨረሻውን ፔርሙዝ ሲያስገባ ብርድ ልብሱን ገለጠ። ሶልማዝ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ድንኳኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ፊቱ በፈገግታ ተሞላ። ብርድ ልብሱን መልሶ ሸፈነና በአጠገቧ ሲያልፍ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለ።

«የራስሽን ቦርሳ ትተሽ? ለእኔ ብለሽ?» አለ በሹክሹክታ። «አንቺ ነሽ ልጄ። ለእናትሽ እንዳትናገሪ።»

ለእሱ ብላ መስሎታል። ሶልማዝ መሬቱ ቢውጣት ደስ ባላት።

ቢቢ ሰኪነ ደጃፍ ላይ ቁርዓኑን ከፍ አድርገው ይዘው ቆሙ። መንገደኛ ሁሉ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ያልፋል፣ ይስመዋል። መጀመሪያ አባቷ፣ ቀጥሎ እናቷ፣ ከዚያ ቱርካን ከነመዋኛ ጎማዋ።

«የረሳችሁት ነገር የለም?» ይላሉ ቢቢ ለእያንዳንዱ።

«የለም፣ ቢቢ።»

ተራው የሶልማዝ ደረሰ። ጎንበስ ብላ አለፈች፣ ቀና ብላ ሳመችው።

«የረሳሽው ነገር የለም?»

«የለም።»

«ከንፈርሽ ይንቀጠቀጣል።»

«ብርዱ ነው።»

ቢቢ የሻርፗን ጠርዝ አስተካከሉላት። መኪናው ሲነሳ ጎድጓዳ ሳህኑን አንስተው ከኋላቸው ውሃ ረጩ፣ በሰላም ሄደው በሰላም እንዲመለሱ። ውሃው ድንጋዩ ላይ ወዲያው በረዶ ሠራ። ውሃ ከተረጨ በኋላ መንገደኛ ረሳሁ ብሎ አይመለስም፤ ደግ አይደለም ይባላል። ሶልማዝ በኋላው መስታወት የቢቢን ጥቁር ቻዶር እያየች ነበር።

ፔጆው በጠባቧ መንገድ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። እናቷ የካልሲዎቹን ጥቅል ከኋላ አምና አልጫነችውም፤ ጉልበቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ዛሬ ማታ ኢስፋሃን» አለች፣ እንደ ልጅ በጣቷ መስኮቱን እየመታች። «ነገ ማታ ለንጌ! እኔና ዙሌይኻ አንድ ክፍል እንደ ድሮው። ልጆቹም ከእኛ ጋር። ባይራም፣ አንተ ኮሪደር ትተኛለህ!»

«ኮሪደርም ቤት ነው» አለ አባቷ።

ሁለቱም ሳቁ። ሶልማዝ አልሳቀችም። ኮሪደሩ ውስጥ ማን እንዳለ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አሮጊቷ አሁን በዚህ ሰዓት የማያውቁትን ግድግዳ እያዩ ይሆናል። ድንኳኑ ከኋላዋ አለ፣ ግን ምን ይጠቅማል? እናቷ ካልሲ አቅፋ፣ በልጇ የማለች ጓደኛ አለችኝ ብላ ነው የምትሄደው። ያ መሐላ እያለ ድንኳኑ ከመኪናው አይወርድም። ሳይጠሯት አቤት ያለች ሴት ሆና እዚያ ደጃፍ ትደርሳለች፣ ይሄንንም የዚያ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ከእሷ በቀር።

መንገዱ ጫፍ ላይ፣ ዋናው አስፋልት ሊያገኙ ሲሉ፣ ሶልማዝ የአባቷን ወንበር ያዘች።

«አባ፣ አቁም።»

መኪናው ትንሽ ተንሸራትቶ ቆመ።

«ምን ረሳሽ ደግሞ?» አለች እናቷ። «ቢቢ ውሃውን ረጭተዋል እኮ! አሁን አይመለስም።»

አባቷ በመስታወቱ አያት፣ ከንፈሩ ላይ የጠዋቱ ፈገግታ አለ። «ድንኳኑን ከሆነ ተይው፣ እኔ እነግራታለሁ» አለ።

«የቱን ድንኳን?» አለች እናቷ።

«የረሳሁት ነገር የለም» አለች ሶልማዝ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «የጨመርኩት ነው ያለው። ከድንኳኑ በፊት።»

የአባቷ ፈገግታ ጠፋ። ሞተሩን አጠፋው። የዝናብ መጥረጊያው መስታወቱ መሀል ላይ ቆሞ ቀረ። እናቷ ካልሲዎቹን እንደያዘች ሙሉ ለሙሉ ወደ ኋላ ዞረች።

«እማ» አለች ሶልማዝ። «እትዬ ዙሌይኻ አልማለችም።»